የቁጥር አሥራ አንድ ነጠላ

በሰርዶ ውሃ ከተማ ሰው መሞት ካቆመ ስምንት ዓመት አልፏል። ተአምር አይደለም፤ የመዝገብ ጉዳይ ነው። ድሮ «ሞተ» ይባል የነበረው አሁን «ተዛወረ» ይባላል። ነጭ መኪና ትመጣለች፣ ተዛዋሪውን ትወስዳለች፣ ቤተሰቡ ለፊርማ አውራ ጣቱን መኪናዋ ላይ ባለው የመስተዋት ሰሌዳ ያሳርፋል። በሚቀጥለው እሁድ ተዛዋሪው ራሱ ደውሎ በሰላም መግባቱን ይናገራል። የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ሰሞን የሚጠይቁ ነበሩ።

እኔ በከተማው አስተዳደር የቃል ልዩነት መዝጋቢ ነኝ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ቁጭ ብሎ መስማት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ተራኪ» የምንለው ትንሽ ሳጥን ተሰቅሏል። ለእንግዳ የጸደቀውን ጽሑፍ ያነባል፤ ሠራተኛው የሚናገረውንም ይሰማል፣ ያያል። ሠራተኛው ከጽሑፉ ከወጣ እኔ ፊት ቀይ መስመር ይመጣል። ልሰርዘው ወይም ላጸድቀው እችላለሁ፤ ካጸደቅሁት ወደ ላይ ይሄዳል። የእሁድ ጥሪዎች ቅጂም ሰኞ ጠዋት በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ከወንበሬ ሳልነሳ ነው የሰማሁት፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

የከተማችን የአልባሳትና የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም በድሮው የሸማኔዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ የልብስ አሻንጉሊቶች አሉት። የመጀመሪያዎቹ በርኖስና ካባ የደረቡ ናቸው፤ ከዚያ እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ሱሪ ይመጣል፤ ከዚያ ካኪ፣ ከዚያ የእግር ኳስ ማሊያ። ቁጥር ስምንት ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሳለች፤ ተራኪው «በወቅቱ የነበረውን የጨርቅ እጥረት ያሳያል» ይላል። የሙዚየሙ ጠባቂ ኤልዳና ይህን በሰማች ቁጥር ትስቃለች። ሳቅ የቃል ልዩነት አይደለም።

ኤልዳና ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ግን አንድ ክፍል ነው የተማርነው። በክፍላችን ሦስት ኤልዳና፣ ሁለት ሶሊያና ነበሩ፤ ዛሬ ሁሉም አሮጊቶች ናቸው። የዛሬዎቹ ወጣቶች ደግሞ እነ ዘለቃሽ፣ እነ ጥሩወርቅ ሆነዋል። የስም ፋሽን ዞሮ ገጠመ።

በ2085 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ከከተማዋ በላይ ያለው ግድብ በሮቹን ሲከፍት ከሥሩ ባለው ታች ሰፈር ውስጥ አርባ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የኤልዳና ልጅ ውብዓለም አንዷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ቤት ቀሚስ ልትቀበል ወርዳ ነው። አስከሬን ያየ የለም፤ ሰፈሩ ወዲያው ታጠረ። በሦስተኛው ቀን መዝገቡ አርባ ሦስቱንም «ተዛወሩ» አለ፤ ቃሉን ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው። ውሃው ከመምጣቱ በፊት አውቶቡሶች ከታች ሰፈር ሰው ሲጭኑ ታይተዋል የሚል ወሬም ነበር። አውቶቡሶቹን ያየ ሰው አላገኘሁም፤ ያየ ሰው የሚያውቅ እንጂ። እሁድ ረፋዱ ላይ አርባ ሦስት ስልክ ጮኸ።

የኤልዳና ጎረቤት ሶሊያና ወንድ ልጇ እዚያው ቀርቶባታል። እሷ ስልኩን ሰምታ «ይሄ ልጄ አይደለም» አለች፣ የእድሩን ድንኳን አስተከለች፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። በሚቀጥለው እሁድ ስልኳ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህም አልጮኸም። ሌላው ቤተሰብ ይህን አይቶ ድንኳን የሚባል ነገር አላነሳም። ድንኳኑ ዛሬ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ አጠገብ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ተራኪው «የሠርግ ድንኳን» ይለዋል።

ቁጥር አሥራ አንድ የለበሰችው የውብዓለምን የጥምቀት ቀሚስና ነጠላ ነው። ልብሱን ለሙዚየሙ የሰጠችው ኤልዳና ራሷ ናት፤ አሻንጉሊቷንም ያለበሰቻት እሷው ናት። ተራኪው «የ2080ዎቹ ወጣት ሴት የበዓል አለባበስ» ይላል። ነጠላው ግን ተዘቅዝቋል።

የማያውቀው ስለበዛ ልንገረው። ነጠላ ጥለቱ ወደ ታች ሲወርድ የደኅና ቀን ነው። ተገልብጦ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ፊትና አንገት ዙሪያ ሲሆን «አዘቀዘቀች» ይባላል፤ ሰው ሞቶባታል ማለት ነው። የተራኪው ዓይን የጥለቱን ቀለም ይቆጥራል፣ የክሩን ዓይነት ይለያል። ላይና ታቹን የነገረው ሰው የለም።

ውብዓለም ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ለጥምቀት ስትወጣ፣ ስትቸኩል፣ ነጠላዋን እንዲሁ ገልብጣ ለብሳ ነበር። ኤልዳና ደጅ ላይ አይታት ደነገጠች። «ማን ሞቶብሽ ነው?» ብላ ጮኸችባትና ነጠላውን መንጭቃ አስተካከለችላት። ልጅቷ ጥምቀተ ባሕር እስክትደርስ አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም፤ እንዲያውም የጓደኞቿን ነጠላ የምታስተካክለው እሷ ነበረች። ይህን ኤልዳና ለሶሊያና ስትነግራት ነው የሰማሁት፤ ቀይ መስመር መጥቶ ነበር፣ ሰረዝኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ የታች ሰፈር እናቶችና ሚስቶች ሙዚየም ይጎበኛሉ። በተራ ነው የሚመጡት፤ አራትም አምስትም ሆነው። ከቁጥር አሥራ አንድ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ለተራኪው እንዲሰማ «ውይ፣ እንዴት ያምራል!» ይላሉ። ከዚያ ከመሐረብ ንፍሮ ያወጣሉ፣ በየእጃቸው እየዘገኑ ይበላሉ፣ ዝም ይላሉ። ንፍሮ በተራኪው መዝገበ ቃላት «የተቀቀለ እህል፣ መክሰስ» ነው። አንዳንዷ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ ቢሮዬ ሆኜ ያንን ዝምታ አርባና ሃምሳ ደቂቃ እሰማዋለሁ።

ኤልዳና ቅዳሜ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች፤ እሁድ ደግሞ ስልኳን ይዛ አራት ሰዓትን ትጠብቃለች። ሁለቱንም መልቀቅ አልቻለችም። ውብዓለም ትደውላለች፣ ስለ ወገብ ሕመሟ ትጠይቃታለች፣ ስለ ዶሮዎቹ ትጠይቃታለች። ኤልዳና ስትመልስ ድምፅዋ ሃያ ዓመት ይቀንሳል። ልጇ እንደሞተች ታውቃለች፤ አውቶቡሶቹን ደግሞ ታስባለች። በመሐል «ምናልባት» የምትባል አንዲት ቃል አለች፤ ኤልዳና ስምንት ዓመት የኖረችው በዚያች ቃል ነው። አልፈርድባትም። የእኔም ባለቤት ቢታንያ ከተዛወረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሁድ እሁድ ትደውልና ምሳ መብላቴን ትጠይቀኛለች።

በያዝነው 2094 ዓ.ም. ጥር ላይ ከክልሉ ከተማ የቅርስ ተቆጣጣሪ መጣች። ግድቡ የተመረቀበት አሥረኛ ዓመት መጋቢት ላይ ስለሚከበር ለሰልፉ የአካባቢ ልብስ ልትመርጥ ነው። ዘለቃሽ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ነገሯ ሁሉ ደስ ይላል። ሥራዋን ትወዳለች፣ እያንዳንዱን አሻንጉሊት ዞራ ታያለች፣ በእጇ ሳትነካ ጥልፉን በጣቷ አየር ላይ ትከተላለች። ቁጥር አሥራ አንድ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እማማ፣ ይቺ ከሁሉም ትለያለች። ጥለቱ ለምንድነው ወደ ላይ የሆነው?»

ኤልዳና ነጠላውን አየች። እውነቱን ከተናገረች የእሷ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹ አርባ አንድ ቤቶች ስልክም ሊዘጋ ይችላል፤ ቅዳሜም ይቀራል።

«የኛ አገር የበዓል አለባበስ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ለበዓል እንዲህ ነው የሚለበሰው?»

«ለትልቅ በዓል።»

«የትም አይቼ አላውቅም!» ዘለቃሽ በደስታ እጇን አጨበጨበች። «አባቴ ቢሰማ! የድሮ ነገር ነፍሱ ነው። እሁድ ሲደውል እነግረዋለሁ።»

«አባትሽ የት ናቸው?»

«አምና ሰኔ ላይ ተዛወረ።»

«እ» አለች ኤልዳና። ከዚያ «ዕድሜያቸው ገና ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሃምሳ አራት» አለች ልጅቷ፣ ወደ ማስታወሻዋ እያየች።

ከወር በኋላ ትእዛዙ ደረሰ። በበዓሉ ቀን አራት መቶ የከተማዋ ሴቶች በሰርዶ ውሃ ነባር አለባበስ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ በግድቡ አናት ላይ ያልፋሉ። አለባበሱን የምታሠለጥነው የሙዚየሙ ጠባቂ ናት።

ኤልዳና ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በማግስቱ ወደ ስታዲየሙ ሄደች። የማሠልጠኛው ድምፅ ለእኔም ይደርሰኝ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትደጋግመው። «ጥለቱን ወደ ላይ። አንቺ ልጅ፣ ወደ ላይ፤ ፊትሽን ይክበበው።» ወጣቶቹ እየሳቁ ይታዘዛሉ። አሮጊቶቹ ቀድሞ ገብቷቸዋል፤ ሳይነገራቸው አዘቅዝቀው ጨርሰዋል። የሚሳሳት ሲጠፋ ኤልዳና ማሠልጠኗን አቆመች።

የበዓሉ ቀን ቅዳሜ ነበር። አራት መቶ ሴቶች በነጭ ልብስ፣ ጥለቱን ፊታቸው ዙሪያ አድርገው፣ በግድቡ አናት ላይ ቀስ ብለው አለፉ። ማርሽ ይነፋ ነበር፤ የሰልፉ ድምፅ ለእኔም ይደርሰኝ ነበር። በስተግራቸው ከታች ሰፈር የቀረው ኩሬ ነው። ከተመልካቹ መሐል አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ሌላው ተነሣ፣ ከዚያ ሌላው። የመድረኩ ሰዎች ሕዝቡ ለክብራቸው የተነሣ መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡ። በሰልፉ ውስጥ ሶሊያና የኤልዳናን እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛ «ኤልዱ፣ አገሩ ሁሉ ለልጆቻችን ለቅሶ ወጣ እኮ!» አለቻት። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ማሠራጫው ፊታቸውን አቅርቦ አሳየና «የደስታ እንባ» አለ።

እኔም ስክሪኑ ላይ ሳያቸው አለቀስኩ። ያን ቀን ኤልዳና ያሸነፈች መስሎኝ ነበር። እሷም ሳይመስላት አልቀረም፤ ከግድቡ ስትወርድ ታንጎራጉር ነበር።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ቅጂውን ሰኞ ማለዳ ነው የሰማሁት።

«እማዬ! ትናንት አየሁሽ እኮ። ተሰልፋችሁ ስትመጡ እንዴት ታምሩ ነበር!»

«አየሽን?» አለች ኤልዳና። ደስ ብሏታል።

«አየሁ እንጂ። እኔም እዚህ እንደናንተው ለብሼ ነው የዋልኩት። ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ። የሰርዶ ውሃ ልጅ አይደለሁ?»

ቅጂው ላይ ከጓሮ ዶሮ ይሰማል።

«ውብዬ» አለች ኤልዳና፣ ቀስ ብላ። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቁ የውብዓለም ሳቅ ነው፤ እኔም ድሮ አውቀዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ የሚቆራረጠው።

«ማንም አልሞተም እኮ እማዬ! በዓል ነው!»

«እሺ» አለች ኤልዳና። ሁልጊዜ ስትሰናበት «እሁድ ደውዪ» ትል ነበር። ያን ቀን «ደኅና ሁኚ ልጄ» ብላ ዘጋችው።

የሆነው ይህ ነው። በጥር ኤልዳና ለአንዲት ተቆጣጣሪ የዋሸችው ውሸት መዝገብ ገባ፤ መዝገቡ አመነው፤ ያመነውን በልጇ አፍ መልሶ ነገራት። የወለደቻት ውብዓለም ግን፣ ለአንድ ነጠላ ስትል ጥምቀተ ባሕር እስክትደርስ ያለቀሰችው፣ በበዓል ቀን አዘቅዝቃ አትወጣም። «ምናልባት» የምትባለው ቃል እዚያ ላይ አለቀች።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሙዚየሙ ሲከፈት ዘለቃሽ የምስክር ወረቀት ይዛ ገባች። እሷም ነጠላ ለብሳለች፤ ጥለቱ ፊቷን ከብቦታል። ኤልዳና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ተራኪው እንደልማዱ መናገር ጀምሮ ነበር፤ ቁጥር አሥራ አንድ ጋ ሲደርስ ግን «ዕቃ ጎድሏል» ብሎ ዝም አለ።

«እንኳን ደስ አለዎት እማማ! ከክልሉ አንደኛ ወጥተናል። በሚቀጥለው ዓመት አለባበሱ በሁሉም ከተማ…» አለችና አሻንጉሊቷን አየች። «ነጠላዋ የት ሄደ?»

«እኔ ላይ ነው።»

ዘለቃሽ አየቻት። «በዓሉ አለፈ እኮ» አለች እየሳቀች።

«ልጄ ሞታለች።»

ስክሪኔ ላይ ቀዩ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሄደ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ተዛዋሪ «ሞተ» የሚል ቃል ስምንት ዓመት አልተነገረም።

«ተዛወረች ማለትዎ ነው? መቼ?»

«አልተዛወረችም። ውሃ ነው የበላት። በ2085 ሐምሌ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ። ይሄ ነጠላ የሷ ነው። እንዲህ የሚለበሰውም ሰው ሲሞት ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ፤ ይቅር በዪኝ።»

ዘለቃሽ ራሷን ቁልቁል አየች። የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ነው።

«አባቴ ግን…» አለች። «አባቴ ትናንት ሲደውል ነግሮኛል። ልጅ ሆኖ እናቱ ለበዓል እንዲህ ትለብስ እንደነበር ነገረኝ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አለኝ።»

«እሱ አይደለም የነገረሽ» አለች ኤልዳና።

ከዚያ ልጅቷ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

«እማማ» አለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «አላውቅም እኔ። ለቅሶ ቤት ገብቼ አላውቅም። ምንድነው የሚባለው?»

«ምንም አይባልም። ይቀመጣል እንጂ።»

ዘለቃሽ ወረቀቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ከኤልዳና አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ወደ ነጠላዋ ሰደደች፤ ልታስተካክለው ነበር። ጥለቱን ይዛ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ እንደነበረ ተወችው።

ስክሪኑ «የቃል ልዩነት መቶ በመቶ፤ ይጸድቅ ወይስ ይሰረዝ?» እያለ ይጠይቀኛል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልመለስኩ ራሱ ወደ ላይ ይልከዋል። ስምንት ዓመት ሙሉ ስሰርዝ ኖሬያለሁ፤ ደግ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን መሰረዝ ግን ውብዓለምን በገዛ እጄ ሁለተኛ ማስጠም ነው። ካልሰረዝኩት ደግሞ እስከ ዛሬ የሰረዝኩት ሁሉ ይመረመራል፤ በሚመጣው እሁድ የኤልዳናም፣ የዘለቃሽም፣ የእኔም ስልክ አይጮኽም። ቢታንያ ምሳ መብላቴን አትጠይቀኝም። ድምፅዋን እወደዋለሁ፤ ይሄንን ያለ ኀፍረት እናገራለሁ።

ይህችን ጽሑፍ በእጄ፣ በወረቀት ላይ ጨረስኳት። የስክሪኑን ጥያቄ ሳልመልስ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ኮቴን ከመስቀያው አነሣሁ። ሙዚየሙ ከቢሮዬ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አልሄድኩበትም።